የማይታየውን በዱካው

(ይሄ ደብረ ማርቆስ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ለተማሪዎችና ለከተማው ሰው የተናገርኩት ነው። ያልመጣችሁ ሰዎች ስለጠየቃችሁኝ የተቀዳውን ድምፅ እየሰማሁ ጻፍኩት፣ አንዳንድ ቦታ ብቻ አስተካክያለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ከመጀመሬ በፊት፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነችውን ሳጥን እንዳትነኩብኝ አደራ፣ ገና እየቀዘቀዘች ነው፣ ሀያ ደቂቃ ምናምን ትፈልጋለች፣ መብራት ካልሄደ መጨረሻ ላይ ሁላችሁም ተራ በተራ ታዩዋታላችሁ።

እኔ ያደግኩት ቢቸና በኩል ነው፣ ከብት እየጠበቅኩ። የስምንት ዘጠኝ ዓመት ልጅ እያለሁ አንድ ቀን ጊደር ጠፋችብን። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል፣ ጠዋት አጎቴ እኔን ይዞ ወጣና ከበረቱ በር ጀምሮ መሬት መሬቱን እያየ መሄድ ጀመረ። ትንሽ እንደሄድን ቆመና "ብቻዋን አይደለችም፣ ሰው እየጎተታት ነው" አለኝ። በምን አወቅህ ስለው ኮቴዋን አሳየኝ፣ ጭቃው ላይ ወደፊት ወደፊት ተንሸራቷል፣ እሷ እምቢ ስትል በገመድ ሲስቧት ማለት ነው። ትንሽ አለፍ ብለን ደግሞ "እዚህ ጋ ቆመዋል፣ ሰውየው ደክሞታል" አለ። ሰውየውንም አላየው፣ ጊደሯንም አላያት፣ ግን ያለው በሙሉ ልክ ሆኖ ማታ ላይ ወንዝ ማዶ አገኘናት።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም። ስለ ፕሮቶን፣ ስለ ኤሌክትሮን፣ ስለ ሂግስ፣ ከአተም ስላነሱት ቅንጣቶች ስትሰሙ አንድ ሰው የሆነ ትልቅ ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ብሎ ያያቸው ሊመስላችሁ ይችላል፣ ለኔም ተማሪ እያለሁ እንደዛ ይመስለኝ ነበር። ግን ማንም አላያቸውም፣ በብርሃን ሊያያቸው አይችልምም፣ ምክንያቱም ዓይናችን ሚያየው የብርሃን ሞገድ ከፕሮቶኑ ከመቶ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይበልጣል፣ በዛ በግዙፍ ሞገድ ያቺን ትንሽ ነገር መፈለግ ማለት በአካፋ የጤፍ ፍሬ ለቅማችሁ ለማንሳት እንደመሞከር ነው። ስለዚህ ሚታየው ቅንጣቱ ሲያልፍ የነካው ነገር ነው፣ ዱካው። የፊዚክሱም ጥበብ ያለው ሁለት ቦታ ላይ ነው፣ አንደኛ ዱካ ሚይዝ ጥሩ ጭቃ መሥራት፣ ሁለተኛ እንደ አጎቴ ማንበብ።

(ዓመቶቹንና ቀኖቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ምጠራቸው፣ እንዳንደናገር።)

የመጀመሪያው ጥሩ ጭቃ ደመና ነበር። ቻርልስ ዊልሰን ሚባል ስኮትላንዳዊ በ1894 ቤን ኔቪስ ሚባል ተራራ ላይ ያለ የአየር ሁኔታ ጣቢያ ሊሠራ ወጣ። ጮቄ ላይ በማለዳ ወጥታችሁ ፀሐይ ከኋላችሁ ሆና ደመናው ከታች ሲሆን አይታችሁ ከሆነ፣ ጥላችሁ ደመናው ላይ ይወድቅና ጭንቅላታችሁ ዙሪያ ባለ ቀለም ቀለበት ይሠራል። ዊልሰን ያየው እሱን ነው፣ በጣም ወደደውና ታች ሲመለስ ቤተ ሙከራ ውስጥ እኔ ራሴ ደመና ሠርቼ ላጥናው ብሎ ተነሳ። ቅንጣት ሊፈልግ አልነበረም፣ ሚፈልገው ደመና ነበር። በነገራችን ላይ ቤን ኔቪስ ከእንግሊዞቹ ተራሮች ሁሉ ትልቁ ሆኖ 1,345 ሜትር ነው፣ እኛ አሁን የተቀመጥንበት አዳራሽ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ ጮቄ ደግሞ 4,000ን ያልፋል፣ ይሄን ምላችሁ ለኩራት ብቻ አይደለም፣ ቆይቶ ይጠቅመናል።

ደመና እንዴት ነው ሚፈጠረው? እናቶቻችን አረቄ ሲያወጡ አይታችኋል፣ እንፋሎቱ በቱቦው ይሄድና ሲቀዘቅዝ ጠብ ጠብ ይላል። እንፋሎት ፈሳሽ ለመሆን ግን ቅዝቃዜ ብቻ አይበቃውም፣ ሚያርፍበት ነገር ይፈልጋል፣ አቧራ፣ የዕቃው ግድግዳ፣ የሆነ ነገር። አየሩን ከአቧራ ፍጹም አጽድታችሁ ብታቀዘቅዙት እንፋሎቱ ጨንቆት ይቀመጣል፣ መውረድ ይፈልጋል ግን ማረፊያ የለውም። ዊልሰን ያገኘው ነገር በዚህ ሰዓት ኤሌክትሪክ የያዘ ቅንጣት በመሀል ሲያልፍ መንገዱ ላይ ያሉትን አተሞች እየገጨ ኤሌክትሮናቸውን ይነጥቃቸዋል፣ እነዛ የተነጠቁት አተሞች ለእንፋሎቱ ማረፊያ ይሆናሉ፣ በቃ ቅንጣቱ ባለፈበት መስመር ላይ ጠብታ በጠብታ ነጭ ክር ይዘረጋል። በ1911 ነው ይሄንን ክር በዓይኑ ያየው፣ በ1927 ኖቤል ተሸለመበት። ከፍ ብሎ ሚሄድ አውሮፕላን ሰማዩ ላይ ትቶት ሚሄደውን ነጭ መስመር ታውቁታላችሁ፣ አውሮፕላኑ ራሱ ላይታያችሁ ይችላል፣ መስመሩ ግን ከየት ወዴት እንደሄደ ይነግራችኋል።

ይቺ የኛ ሳጥን የዊልሰን ሳጥን የልጅ ልጅ ናት። ከላይ አልኮል የነከረ ስፖንጅ አለ፣ ከታች በጣም የቀዘቀዘ ጥቁር ብረት፣ የአልኮሉ እንፋሎት ከላይ እየወረደ ታች ጋ ሲደርስ ያንን "ማረፊያ ያጣ" ሁኔታ ውስጥ ይገባል። ሌላ አገር በደረቅ በረዶ ነው ሚያቀዘቅዙት፣ እኛ እሱን ማግኘት አልቻልንም፣ ስለዚህ ተማሪዎቹ ፔልቲየር ሚባለውን ትንሽ ጠፍጣፋ ነገር፣ ኤሌክትሪክ ሲገባበት በአንድ ፊቱ ሚቀዘቅዝ በሌላው ሚሞቅ፣ አንዳንድ የቀዝቃዛ ውሃ ማሽን ውስጥ ያለውን፣ ሁለቱን ደራርበው ከአሮጌ ኮምፒዩተር ባወጡት ፓወር ሰፕላይ አሠሩት። ሦስት ማታ ምንም አላየንም። አንደኛው ማታ ሳጥኑ ያፈስ ነበር፣ ሁለተኛው ማታ መብራት ሄደ፣ ሦስተኛው ማታ ላይ ዱካው ሳይኖር አይቀርም፣ እኛ ግን ባትሪውን ከላይ እያበራን ስለነበር አላየነውም፣ ብርሃኑ ከጎን ዝቅ ብሎ መግባት አለበት። አራተኛው ማታ አንዷ ልጅ ባትሪውን ብረቱ ላይ አጋድማ ስታበራ ጮኸች። እኔ ይሄን ትምህርት ለዓመታት ነው ያስተማርኩት፣ ያን ማታ ነው ግን የገባኝ ማለት እችላለሁ።

ምን ይታያል መሰላችሁ፣ አጠር ወፈር ያለ የቀጤማ ስባሪ ሚመስል ዱካ አለ፣ እሱ አልፋ ነው፣ አየር ውስጥ ካለ ራዶን ሚባል ጋዝ ይወጣል፣ ከባድ ስለሆነ ብዙ አተም ገጭቶ ቶሎ ይቆማል። ቀጭን ሆኖ ሚወለጋገድ አለ፣ ኤሌክትሮን ነው፣ ቀላል ስለሆነ የገጨው ሁሉ ያስተው ይሄዳል። ቀጭንና ቀጥ ያለ፣ ከዳር እዳር ሚሻገር ደግሞ አለ፣ እሱ ብዙ ጊዜ ሙዮን ነው። ሙዮን ከሰማይ ነው ሚመጣው፣ ከሕዋ የመጡ ፈጣን ቅንጣቶች በስተላይ ከአየር ጋር ሲጋጩ ይወለዳል፣ ዕድሜው በአማካይ 2.2 ማይክሮ ሰከንድ ናት፣ በዛ ዕድሜ እንኳን እኛ ጋ ሊደርስ አንድ ኪሎ ሜትርም ባልሄደ ነበር፣ ግን በጣም ስለሚፈጥን አንስታይን እንዳለው ሰዓቱ ይዘገይለትና መሬት ይደርሳል። ባሕር ጠለል ላይ መዳፋችሁን ብትዘረጉ በየሰከንዱ አንድ ገደማ ያልፍበታል፣ እዚህ ከፍታ ላይ ከዛ ይበልጣል፣ ጮቄ ላይ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። ቅድም ከፍታው ይጠቅመናል ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ማንበቡ እንምጣ፣ ምክንያቱም ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔ ከልቤ ምወደው በ1932 ካርል አንደርሰን ሚባል አሜሪካዊ ያነበባትን አንዲት ፎቶ ነው። የደመና ሳጥኑን ትልቅ ማግኔት ውስጥ አስቀመጠው። ኤሌክትሪክ የያዘ ቅንጣት ማግኔት ውስጥ ሲገባ ይታጠፋል፣ ፖዘቲቩ ወደ አንድ ጎን፣ ኔጋቲቩ ወደ ሌላው ጎን፣ መታጠፉ ደግሞ እንደ ጉልበቱ ነው፣ ሚሮጥ በሬ ቶሎ እንደማይታጠፈው ጉልበት ያለው ቅንጣት መንገዱ ቀና ይላል፣ የደከመው ይጠመዘዛል። እንግዲህ አንደርሰን አንድ የጎበጠ ዱካ አየ፣ ውፍረቱ የኤሌክትሮን ነው። ችግሩ ምንድን ነው፣ ከላይ ወደ ታች የወረደ ኤሌክትሮን ወደ ግራ ሚታጠፍ ከሆነ፣ ከታች ወደ ላይ የወጣ ፖዘቲቭ ቅንጣትም ልክ ያንኑ ቅርጽ ነው ሚሰጣችሁ። ፎቶው አቅጣጫ አይናገርም! ኮቴ ፊትና ኋላ አለው፣ የደመና ክር ግን የለውም።

ምን አደረገ መሰላችሁ፣ ሳጥኑ መሀል ላይ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የእርሳስ ብረት አጋደመ። ቅንጣቱ እርሳሱን ሰንጥቆ ሲያልፍ ይደክማል፣ ስለዚህ ከብረቱ በኋላ ያለው ዱካ ከበፊቱ ይልቅ መጉበጥ አለበት። ፎቶውን ሲያየው ከብረቱ በላይ ያለው ነው ይበልጥ የጎበጠው። ስለዚህ ቅንጣቱ ሚመጣው ከታች ነው! ከታች ከመጣ ደግሞ በዛ አጎባበጡ ፖዘቲቭ ነው። ፕሮቶን ይሆን እንዳይባል፣ እንደዛ የጎበጠ ፕሮቶን በጣም የደከመ ስለሚሆን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ ሄዶ ነው ሚቆመው፣ ይሄኛው ግን 5 ሳንቲ ሜትር ሄዶ አላለቀም። ስለዚህ ክብደቱ የኤሌክትሮን፣ ቻርጁ ግን ፖዘቲቭ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው፣ ፖዚትሮን፣ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው አንቲማተር፣ ቻርጁ የተገለበጠ የቁስ መንትያ ማለት ነው። በአንድ ቁራጭ እርሳስ! ክፍል ውስጥ ይሄን ሳስተምር ሁልጊዜ እዚህ ጋ ዝም እላለሁ፣ እንዲገባባቸው፣ እናንተም ትንሽ አስቡት።

ስለ ዱካ ካነሳን፣ ማሪየታ ብላው የምትባል የቪየና ሴትም ልትነሳ ይገባታል። እሷ ደመናውን ትታ በፎቶግራፍ ጠፍጣፋ ላይ ያለውን ኬሚካል አወፍራ ቅንጣቶች እዛው ላይ ዱካቸውን እንዲተዉ ማድረግን ነው ያሳደገችው። በ1937 ከሄርታ ቫምባኸር ጋር ሆነው ኢንስብሩክ ከሚባለው የኦስትሪያ ከተማ በላይ ካለ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ለወራት ያስቀመጡት ጠፍጣፋ ላይ ኮከብ ሚመስል ነገር አገኙ፣ ከሕዋ የመጣ ቅንጣት አንድ አተም መትቶ ሲበታትነው። በዓመቱ አይሁዳዊት በመሆኗ ከአገሯ ተሰደደች፣ ሥራዋ ተቆረጠ። በዚሁ ዘዴ ሴሲል ፓወል በ1947 ፓዮን ሚባለውን ቅንጣት ከባልደረቦቹ ጋር አገኘ፣ በ1950 ኖቤሉ ለሱ ብቻ ተሰጠ። እሱ አይገባውም ማለቴ አይደለም፣ እሷ ግን ይገባት ነበር፣ ይሄን ባልኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ከዛ የአረፋው ዘመን መጣ። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ስትከፍቱ ግፊቱ ሲቀንስ ድንገት አረፋው ይነሳል አይደል፣ ዶናልድ ግሌዘር በ1952 የሠራው ነገር እሱን ይመስላል፣ ሊፈላ የደረሰ ፈሳሽ ግፊቱን ድንገት ትለቁለታላችሁ፣ ከመፍላቱ በፊት ያለፈ ቅንጣት መንገዱ ላይ የአረፋ ሰንሰለት ይተዋል፣ ያኔ ፎቶ ይነሳል። በኋላ ትልልቅ ተሠሩ፣ ፈሳሽ ሃይድሮጅን የሞላባቸው። ፎቶው በሚሊዮን ነው ሚቆጠረው፣ እና እሱን ማን ነው ሚያየው? አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፣ ስካነር ነበር ሚባሉት፣ ብዙዎቹ ፊዚክስ ያልተማሩ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶው ጠረጴዛ ላይ እየበራላቸው ቀኑን ሙሉ እየለኩ፣ "ይሄ እንግዳ ነው" እያሉ ለሳይንቲስቱ ሚለዩለት። የኔ አጎት እዛ ቢወለድ ጥሩ ስካነር ይወጣው ነበር።

ይሄን ዘመን የዘጋው ጆርጅ ሻርፓክ ነው፣ በ1968። ጋዝ ውስጥ እንደ በገና ክር የተደረደሩ ቀጫጭን ሽቦዎች ዘረጋ፣ ቅንጣቱ ሲያልፍ ጋዙን ይነካዋል፣ ቅርብ ያለው ሽቦ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይሰማዋል፣ እያንዳንዱ ሽቦ የራሱ ማጉያ ስላለው የትኛው ሽቦ እንደተነካ ቀጥታ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል። ፎቶም ጠረጴዛም ቀረ። ፍጥነቱ በሺህ እጥፍ ጨመረ፣ በ1992 ኖቤል አገኘበት። ከዚህ በኋላ ዱካው ቁጥር ሆነ፣ ይሄ ነገር ትልቅ ለውጥ ነው፣ ምክንያቱም ዛሬ በጋዜጣ ምታዩት ባለቀለም የርችት ሥዕል ፎቶ አይደለም፣ ከቁጥር ተነስቶ የተሣለ ነው።

አሁን ሰርን ሚባለው የቅንጣት ምርምር ማዕከል እንግባ። ጄኔቭ አጠገብ ፈረንሳይና ስዊዘርላንድ ድንበር ላይ ነው፣ በ1954 የተቋቋመ። ከመሬት በታች መቶ ሜትር ገደማ ላይ ክብ ዋሻ አለ፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር፣ ጎበዝ እግረኛ ግማሽ ቀን ሚጨርሰው። ፕሮቶኖችን እዛ ውስጥ በተቃራኒ አቅጣጫ እያሮጡ ያጋጯቸዋል፣ በሰከንድ 11,245 ጊዜ ይዞራሉ። ከዚህ አዲስ አበባ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው አይደል፣ እነሱ በአንድ ሰከንድ ያንን መንገድ ሺህ ጊዜ ሄዱት ማለት ነው። ሚያጥፏቸው ማግኔቶች ከዜሮ በታች 271 ዲግሪ ላይ ነው ሚሠሩት። ጉልበታቸው ሲባል ብዙ ሰው ሚያስበው እንደ ቦምብ ነው፣ አንድ ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ማለት ግን አንዲት ምትበር ትንኝ ያላት ጉልበት ያህል ነው፣ የሁለቱ ፕሮቶኖች ግጭት ከ2022 ጀምሮ 13.6 ነው፣ የአስራ ምናምን ትንኝ። ልዩነቱ ያ ሁሉ በፕሮቶን መጠን ቦታ ላይ መታጨቁ ነው።

ሚጋጩት ደግሞ አንድ ባንድ አይደለም። እያንዳንዱ ክምር ከ100 ቢሊዮን በላይ ፕሮቶን አለው፣ ሁለት የአንበጣ መንጋ ፊት ለፊት ተላልፎ እንደመሄድ ነው፣ አብዛኛው አይነካካም፣ ከዛ ሁሉ ሚጋጨው 50 ወይ 60 ጥንድ ነው። ይሄ መተላለፍ በሰከንድ እስከ 40 ሚሊዮን ጊዜ ይሆናል።

እዚህ ጋ ብዙ ተማሪ ሚስተውን ልንገራችሁ። ግጭቱ "ፕሮቶኑን ሰብሮ ውስጡ ያለውን ማውጣት" ይመስላቸዋል። ሁለት እንቁላል ብታጋጩ ነጭና አስኳል ነው ሚወጣው፣ እዚህ ግን ዶሮ ሊወጣ ይችላል። የሂግስ ክብደት የፕሮቶን 133 እጥፍ ገደማ ነው፣ ውስጡ ተቀምጦ አልነበረም፣ ጉልበቱ ራሱ ነው ወደ ክብደት የተቀየረው፣ ኢ እኩል ይሆናል ኤም ሲ ስኩዌር ምትሉት ማለት ነው። የወጣው ደግሞ ወዲያው ይፈርሳል፣ ሂግስ ዱካ መያዣው መሣሪያ (ዲቴክተሩ) ጋ ሳይደርስ ገና እዛው ነው ሚሞተው፣ ምናገኘው የልጆቹን ዱካ ብቻ ነው።

ዱካውን ሚይዘው ነገር ምን ይመስላል? ከትልልቆቹ አንዱ ሲኤምኤስ ነው፣ ርዝመቱ 21 ሜትር፣ ስፋቱ 15፣ ክብደቱ 14,000 ቶን። አትላስ ሚባለው ደግሞ 46 ሜትር ርዝመት አለው። አንድ አውሬ ሌሊት ቀዬውን አቋርጦ ሲያልፍ አስቡት፣ መጀመሪያ ጤዛ ያለበት ሣር፣ ከዛ ረግረግ፣ ከዛ የድንጋይ ካብ። ሣሩ ላይ ዱካ ይተዋል ግን አያስቆመውም፣ ረግረጉ ትናንሾቹን ያስቀራል፣ ካቡ ትልልቆቹን፣ ካቡን ዘሎ ሚሄድም አለ። ሲኤምኤስ ውስጥ ሣሩ ሲሊከን ነው፣ ስልካችሁ ካሜራ ውስጥ ያለው ዓይነት ነገር፣ 200 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ቅንጣቱ ሲያልፍ "እዚህ ነካኝ" ብሎ ነጥብ ይሰጣል፣ ማግኔቱ ስላለ ነጥቦቹ ይጎብጣሉ፣ ከጉብጠቱ ጉልበቱ ይነበባል። ረግረጉ ከ75,000 በላይ ክሪስታሎች ናቸው፣ እንደ ብርጭቆ ብርሃን ያሳልፋሉ ግን ሲያነሷቸው እንደ ብረት ይከብዳሉ፣ ኤሌክትሮንና ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) እዛ ይሰምጡና ክሪስታሉ ብልጭ ይላል፣ ብልጭታው ያላቸውን ጉልበት ይናገራል። ካቡ ወፍራም ናስ ነው፣ ፕሮቶንና ኒውትሮን ሚቆሙበት። ከዛ ሁሉ ዘሎ ሚወጣው ሙዮን ነው፣ ለሱ ውጭ ላይ ሌላ መረብ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል።

እንግዲህ ንባቡ ቀላል ነው፣ ሣሩ ላይ ዱካ ኖሮ ረግረጉ ላይ ከቀረ ኤሌክትሮን፣ ሣሩ ላይ ምንም ሳይኖር ረግረጉ ላይ ብልጭታ ካለ ፎቶን፣ ዱካ አልባ ሆኖ ካቡ ላይ ከቆመ ኒውትሮን፣ ሁሉንም ካለፈ ሙዮን። ሣሩንም ረግረጉንም ካቡንም ሳይነካ ሚሄድ ኒውትሪኖ ሚባል አለ። እሱንስ? አህያ ጭናችሁ ሌሊት ስትሄዱ ጭነቱ በሁለቱም ጎን እኩል ነው፣ ሲነጋ ወደ ግራ አዘንብሎ ካገኛችሁት ከቀኝ የሆነ ነገር ወድቋል ማለት ነው፣ ሲወድቅ ባታዩም። ፕሮቶኖቹ ሚመጡት ፊት ለፊት ስለሆነ ወደ ጎን የወጣው ጉልበት ሲደመር ሚዛኑ መጠበቅ አለበት፣ ካዘነበለ ያልታየ ነገር በሌላው ጎን ሄዷል። በ1983 ካርሎ ሩቢያና ባልደረቦቹ ደብልዩ ሚባለውን ቅንጣት ያገኙት በዚህ ነው፣ አንድ ኃይለኛ ኤሌክትሮን በአንድ በኩል፣ በሌላው በኩል ባዶ።

አንድ ሚያስጨንቀኝን ነገር ልጨምር። በሰከንድ 40 ሚሊዮን ሁሉ ሊቀመጥ አይችልም፣ ሚይዘው ቋት የለም። ስለዚህ አውድማ ላይ እንደማናፈስ ያለ ሥራ አለ፣ ትሪገር ይሉታል፣ መጀመሪያ ለዚሁ የተሠሩ ሰርኪዩቶች በጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ወስነው 100,000 ያስቀራሉ፣ ከዛ ኮምፒዩተሮች አይተው፣ ከ2015 እስከ 2018 በነበረው ሥራ ለምሳሌ፣ በሰከንድ ወደ 1,000 ገደማ ነው ያስቀሩት። ሌላው ንፋስ ወሰደው፣ ለዘላለም። ምርቱ ከገለባው ጋር ሄዶ ቢሆንስ? ምንፈልገውን አስቀድመን ስላሰብን ነው ወንፊቱን የሠራነው፣ ያላሰብነው ነገር ቢያልፍስ? እነሱም ይሄ ያሳስባቸዋል፣ ሳይመረጥ እንዲሁ በዘፈቀደ ጥቂት ሚያስቀሩት ለዚህም ጭምር ነው፣ ግን ጥያቄው በዚህ ሚዘጋ አይመስለኝም።

ከዛ ሥዕሉ። ኮምፒዩተሩ ያለው ነጥብ ብቻ ነው፣ የ50 ግጭት ነጥብ አንድ ላይ ተደባልቆ፣ የትኛው ነጥብ ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ፈልጎ መስመር ያሰምራል፣ ጉልበቱን እንደ ግንብ ቁመት አድርጎ ይሥላል፣ ቀለሙን ሰው ነው ሚመርጠው።

(እዚህ ጋ ከፊት ረድፍ የተቀመጡ አንድ የቅኔ መምህር እጃቸውን አነሱ። "ልጄ፣ ቀለሙን እናንተ ከቀባችሁት፣ መስመሩንም እናንተ ካሰመራችሁት፣ የናንተ ሥዕል እንጂ የሱ ዱካ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?" አሉኝ።)

የኔታ፣ ይሄ ጥያቄ ልክ ነው፣ እነሱም ሌሊት እንቅልፍ ሚያጡበት ነው። አንደኛ መሣሪያው ሚፈተነው በሚታወቅ ነገር ነው፣ ዜድ ሚባል ቅንጣት አለ፣ ክብደቱ 91 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት መሆኑ እዛው ዋሻ ውስጥ በነበረው በቀድሞው ማሽን በጥንቃቄ ተለክቶ ያለቀ ነው፣ ሁለት ሙዮን ደምረው 91 ካላመጡላቸው መሣሪያው ነው የተሳሳተው። ሁለተኛ ደግሞ አንድ ሥዕል አይታመንም፣ የኔታ። ሂግስ ወደ ሁለት ፎቶን ሊፈርስ ይችላል፣ ግን ሁለት ፎቶን ከሺህ ሌላ ነገርም ይመጣል፣ አንዱን ሥዕል አይቶ "ይሄ ሂግስ ነው" ሚል ሰው የለም። ሚያደርጉት ጥንድ ጥንዱን ሁሉ ክብደቱን አስልተው በየመደቡ መቁጠር ነው፣ ተራው ነገር እንደ ሜዳ ዝቅ እያለ ይወርዳል፣ እውነተኛ ቅንጣት ካለ እዛ ሜዳ ላይ አንድ ቦታ ጉብታ ይነሳል። ጉብታው 125 ላይ ተነሳ። ሁለት ቡድን ነበር፣ አትላስና ሲኤምኤስ፣ እያንዳንዱ 3,000 ገደማ ሰው ያለው፣ መሣሪያቸው የተለያየ፣ ለየብቻ ነው የሠሩት፣ የሲኤምኤስ ሰዎች ዘዴያቸውን ጨርሰው እስኪቆልፉ ድረስ ያንን የመረጃውን ቦታ ራሳቸው እንዳያዩ ሸፍነውት ነበር፣ ምኞታቸው እንዳያታልላቸው። ሐምሌ 4 ቀን 2012 ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ አገኘን አሉ፣ እንዲያው በአጋጣሚ ያን ያህል ጉብታ ሊነሳ ሚችልበት ዕድል ከሦስት ሚሊዮን ተኩል አንድ ገደማ ሲሆን ነው "አገኘን" ሚባለው። ፒተር ሂግስ እንዲህ ያለ ቅንጣት ይኖራል ብሎ በ1964 የጻፈውን መገኘቱን ያን ቀን እዛው አዳራሽ ተቀምጦ ሰማ፣ 48 ዓመት ጠብቆ፣ ዓይኑን ሲጠርግ ታይቷል።

ሌላም ልንገርዎት፣ የተሸነፉበትን። በታኅሣሥ 2015 ሁለቱም ቡድኖች 750 ላይ ትንሽ ጉብታ አዩ። ዓለም ተንጫጫ፣ በመቶዎች ሚቆጠር ጽሑፍ ተጻፈ ምን ሊሆን እንደሚችል። እነሱ ግን "አገኘን" አላሉም፣ ተጨማሪ መረጃ ሰበሰቡ፣ በነሐሴ 2016 ጉብታው ሜዳ ሆነ። ምንም አልነበረም። እኔ ሥራቸውን ማምነው ከሂግሱ ይልቅ በዚህኛው ነው።

(በዚህ መሀል ሳጥኗ ደርሳ ነበር። መብራቱን አጠፋን፣ ሰው ተሰልፎ አየ፣ ልጆቹ መጀመሪያ፣ የኔታ መጨረሻ ላይ። ነጠላቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉ፣ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ፣ ከኋላቸው ያለውም ሰው ዝም አለ። ስድስት ሰባት ዱካ ሳያልፍ አልቀረም። ከዛ ቀና ሳይሉ "እነዚህ ቀጥ ቀጥ ብለው አለፉ፣ ይሄኛው ግን ለምን ጎበጠ? ማግኔት የለበትም አይደል?" አሉ።

ማግኔት እንዳለው አልነገርኳቸውም፣ እንደሌለውም አልነገርኳቸውም፣ ራሳቸው ሳጥኗን ዙሪያዋን አይተው ነው የደረሱበት። ኤሌክትሮን ነው የኔታ፣ የደከመ፣ የአየሩ አተም ገፍቶት ነው አልኳቸው። "እሺ" አሉና ለማየት ተመልሰው ጎነበሱ።)